ሞተሩ ስር የተጠራቀመውን ዘይታም ውሃ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ሬጀንትስ ካናል ላይ በናሮውቦት፣ ማለትም በጠባብና ረጅም የካናል ጀልባ ነው የምኖረው። ቋሚ ማቆሚያ የለኝም፤ በየሁለት ሳምንቱ ቦታ እቀይራለሁ። ጀልባዋን የገዛሁት ባለፈው መስከረም ነው። ርዝመቷ 57 ጫማ፣ ኋላዋ ክፍት መድረክ፣ ሞተሯ ቢኤምሲ 1.5 ነው። ሰሞኑን የመድረኩን ሳንቃ አንስቼ ሳይ ሞተሩ ስር አራት ጣት የሚሆን ጥቁር ውሃ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ዘይት አለ። ከኋላ ያለው ፓምፕ በራሱ እየተነሳ ውሃ ሲያስወጣ ደግሞ አንዳንዴ ካናሉ ላይ ቀስተ ደመና ይታየኛል። ጎረቤቴ "የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበትና በፓምፕ አውጪው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው" አለኝ። እውነት ነው? በቅርቡ የጀልባ ደህንነት ምርመራ ስላለብኝም ጨንቆኛል።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሳንቃውን አንስተሽ ማየትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጀልባ ገዝቶ ዓመት ሙሉ ያንን ሳንቃ የማያነሳ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ሰፋ ያለ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ዋናውን ግን ላስቀድም። ሳሙናውን ተዪው። አንድ ጠብታ እንኳ እንዳትጨምሪ።

ጎረቤትሽ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ናሮውቦት ላይ የኩሽናውና የሻወሩ ውሃ በቀጥታ ወደ ካናሉ ነው የሚወርደው፤ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ "ሳሙና እንደሆነ በየቀኑ ይገባል፣ ምን ለውጥ አለው?" ብሎ ማሰቡ አይገርምም። ችግሩ ግን ሳሙናው ዘይቱን የሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ዘይት ብቻውን ሲሆን ልክ ዶሮ ወጥ ላይ እንደሚወጣው ዘይት ከላይ ይሰበሰባል። ያኔ ይታያል፣ ይቀዳል፣ በመጣጭ ጨርቅ ይነሳል። ሳሙና ሲነካው ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ጠብታዎች ሆኖ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ቀስተ ደመናው ጠፋ ማለት ዘይቱ ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከላይ ብቻ የነበረው መርዝ አሁን ዓሣው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም መልሶ ሊሰበስበው አይችልም።

አንድ ስሌት ላሳይሽ። ያ ቀስተ ደመና የሚታየው የዘይቱ ሽፋን ውፍረት 0.3 ማይክሮን ገደማ ሲደርስ ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ በዚያ ውፍረት ቢዘረጋ ከ16 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። አንድ ሊትር ቢሆን 3,300 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ካናል ደግሞ እንደ ወንዝ አይፈስም። በሁለት የውሃ በሮች መካከል የተኛ ውሃ ነው። የገባበት ነገር እዚያው ይቆያል፣ ዳክዬዎቹም እዚያው ናቸው።

ሕጉም ግልጽ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአካባቢ ፈቃድ ደንብ ያለ ፈቃድ ውሃን የሚበክል ነገር መልቀቅን ወንጀል ያደርገዋል። ሆን ብሎ የለቀቀ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ እያወቀ ዝም ያለም ይጠየቃል። "ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ነው" ማለት አያድንም። አሁን ደግሞ አይተሻል፣ ስለዚህ ታውቂያለሽ።

እኔ ሙያውን የለመድኩት በትልልቅ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይገዛናል። ከሞተር ክፍል የሚወጣ ዘይታም ውሃ በመለያ ማሽን ያልፋል። ከሚሊዮን እጅ ውስጥ ዘይቱ ከ15 እጅ ካልበለጠ ብቻ ወደ ባሕር ይወጣል። ከበለጠ ማሽኑ ጮኾ ይዘጋል። እያንዳንዱ ሥራ በዘይት መዝገብ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ማሽኑን በድብቅ ቱቦ አልፈው የደፉ ኩባንያዎች ከባድ ዋጋ ከፍለዋል፤ ፕሪንሰስ ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን ያነሳሁት ላስፈራራሽ አይደለም። በጀልባሽ ላይ እንዲህ ዓይነት ማሽን የለም፤ ስለዚህ የአንቺ ደንብ ከመርከቡም ይቀላል። ሞተሩ ስር የነበረ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ወደ ካናሉ አይደፋም። አለቀ። ጣና ላይ የሞተር ጀልባ የምትነዱም ብታነቡት ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ እንዲያውም ከሐይቁ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው አለ።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ውሃው እየጨመረ ነው ወይስ ዝም ብሎ ተኝቷል የሚለውን ነው። ማርከር ያዢና የውሃው ጠርዝ የደረሰበትን ሁለት ቦታ ላይ አስምሪ። አንዱ ሞተሩ ስር፣ ሌላው ከኋላ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት ክፍል። አጠገቡ ሰዓቱን ጻፊ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ ተመልከቺ። ማታ ተመልከቺ፣ ጠዋት ተመልከቺ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ሞተሩን ካስነሳሽ በኋላም እንደዚሁ። ይህች የማርከር መስመር ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ትነግርሻለች።

በዓይንሽ እያየሽው የሚጨምር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ፓምፑ ይሥራ፣ እንዳትነኪው። ጀልባ ከሰጠመ ሙሉ የናፍጣ ታንክ ነው ካናሉ ውስጥ የሚገባው። ካናሎቹን ለሚያስተዳድረው ለካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የድንገተኛ ስልክ ደውዪ፣ 0800 47 999 47 ነው። ዘይት ወደ ውሃው ከወጣ ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ለኤንቫይሮመንት ኤጀንሲ በ0800 80 70 60 ንገሪ።

ካልጨመረ ወይም በጣም ቀስ ብሎ ከሆነ ለጊዜው ፓምፑን አቁሚው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትልቁን የባትሪ ማጥፊያ አጥፍቶ ፓምፑ የጠፋ ይመስለዋል። አውቶማቲክ ፓምፕ ግን ሰው በሌለበትም እንዲሠራ ተብሎ ብዙ ጊዜ ከዚያ ማጥፊያ በፊት በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚገናኘው። ስለዚህ የራሱን ፊውዝ ፈልገሽ ንቀይ። ፊውዙ እስኪመለስ ድረስ ጀልባዋን ጥለሽ እንዳትሄጂ። ጽዳቱ እንዳለቀ የዚያኑ ቀን መልሺው።

አሁን ፓምፑ እንዴት እያታለለሽ እንደቆየ ልንገርሽ። ፓምፑ የሚስበው ከታች ነው፣ ዘይቱ ያለው ከላይ ነው። ተንሳፋፊው ማብሪያ ሲነሳ ፓምፑ ከታች ያለውን ውሃ ያወጣል። ውሃው ዝቅ ሲል ማብሪያው ይወርዳል፣ ፓምፑም ጥቂት ውሃ አስቀርቶ ይቆማል። ዘይቱ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዘይት ይጨመርበታል። እንዲህ እያለ ለወራት ንጹሕ የሚመስል ውሃ እየወጣ ዘይቱ ውስጥ ውስጡን ይጠራቀማል። አንድ ቀን ሌላ ጀልባ በፍጥነት ያልፍና ጀልባሽን ያናውጣታል፤ ወይም ሽፋኑ ወፍሮ እስከ ፓምፑ አፍ ይወርዳል። ያን ቀን ነው ቀስተ ደመናው የሚታየው። ስለዚህ "አንዳንዴ" ብለሽ የጻፍሽው አዲስ ችግር አይመስለኝም፤ የቆየ ክምችት ነው። በዚያ ላይ የፓምፑ ክንፍ በፍጥነት ሲዞር ዘይትና ውሃን ይመታቸዋል፣ እንደ ሳሙናው ባይሆንም ያደባልቃቸዋል።

ሌላም ነገር አለ። በደንብ በተሠራ ጀልባ ሞተሩ ስር ያለው ቦታና ከኋላ ፓምፑ ያለበት ቦታ በብረት የተለያዩ ናቸው። ሞተሩ ስር ያለው እንደ ትሪ ሆኖ ዘይት እንዲይዝ ነው የተሠራው፤ ፓምፕ ከዚያ መሳብ የለበትም። አንቺ ጋ ግን ዘይት በፓምፑ እየወጣ ነው። ወይ የሞተሩ ትሪ ሞልቶ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ብየዳው ተበልቷል፣ ወይ አንድ ሰው "ውሃው እንዲወርድ" ብሎ ቀዳዳ በስቷል። የመጨረሻውን እዚህ አገር በአሮጌ ጀልባዎች ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከጽዳቱ በኋላ ትሪው ሲደርቅ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምሪበትና ከኋላ ያለውን ክፍል ተመልከቺ። ውሃው እዚያ ብቅ ካለ ቀዳዳ አለሽ፤ መበየድ አለበት። ብየዳ ሲባል ደግሞ ዘይትና ናፍጣ ባለበት ቦታ ስለሆነ ለባለሙያ ተዪው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። "ዘይታም ውሃ" እያልን አንድ ነገር እናስመስለዋለን እንጂ ያሉሽ ሁለት ፍሳሾች ናቸው። ውሃው የራሱ መግቢያ አለው፣ ዘይቱም የራሱ። ሁለቱን ለየብቻ ካልፈለግሻቸው ዛሬ ብታጸጂው ከወር በኋላ እዚያው ነሽ።

ከውሃው እንጀምር። አብዛኛው ናሮውቦት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በካናሉ ውሃ አይደለም። የማቀዝቀዣው ውሃ ከጀልባው ጎን በውስጥ በኩል በተበየደ ጠፍጣፋ ታንክ ውስጥ እየዞረ ይበርዳል። ስለዚህ ሞተሩ የካናል ውሃ እየሳበ አይደለም ብለን እንነሳ። የአንቺ ጀልባ ኋላዋ ክፍት መድረክ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዝናብ ነው። በሳንቃዎቹ ጠርዝ ስር ውሃውን ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ቦይ አለ። የቦዩ መውጫ ቀዳዳዎች በቅጠልና በጭቃ ሲደፈኑ ውሃው ሞልቶ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ባለፈው መስከረም ገዝተሽ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የረገፈው ቅጠል በሙሉ እዚያ አለ። በጣትሽ ወይም በሽቦ ጥረጊው። አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቂና ሳንቃው ስር በባትሪ ተመልከቺ፤ የት እንደሚያንጠባጥብ ታያለሽ።

ውሃው ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለውና ሲነኩት የሚያንሸራትት ከሆነ ዝናብ አይደለም። ከማቀዝቀዣው የሚወጣ ፀረ በረዶ ነው። የራዲያተር ውሃ ማየት የለመደ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ያ መርዝ ነው። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፤ ውሻ ካለሽ አርቂው። የሞተሩ የውሃ መጠን እየቀነሰ ከሆነ ቱቦዎቹንና ማሰሪያዎቻቸውን፣ የውሃ ፓምፑንም ፈትሺ።

ከኋላ ባለው ክፍል ደግሞ የዘንጉ ማሸጊያ አለ። ዘንጉ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ በቅባት የተነከረ ገመድ መሳይ ፓኪንግ ተጠምጥሞበታል፤ ግሪስ የሚገፋ የነሐስ መሣሪያም አለው። ሞተሩ ሲሠራ ጥቂት ጠብታ መውጣቱ ችግር አይደለም፣ ዘንጉን ያቀዘቅዘዋል። ማታ ስታቆሚ የግሪሱን መሣሪያ እስኪከብድሽ አዙሪው፤ ጠብታው መቆም አለበት። ካልቆመ ፓኪንጉ መጥበቅ ይፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁለቱን ዳዶዎች እኩል እኩል፣ በጣም በትንሹ ነው የሚጠብቁት። ከዚያ ጥቂት ተጓዢ፣ ሞተሩን አጥፊና ማሸጊያውን በእጅሽ ንኪ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ አጥብቀሽዋል፣ አላልተሽ ድገሚው። ከዚያ የሚወጣው ትርፍ ግሪስም ዘይት ነው፤ ፓምፑ እንዳይስበው ከስሩ ትንሽ ሳህን ነገር አስቀምጪ።

የፕሮፔለሩን መፈተሻ ክዳንም እዪ። ፕላስቲክና ሣር ሲጠመጠም የምትከፍቺው እሱ ነው። የጎማ ማሸጊያው ካረጀ ወይም ክዳኑ በደንብ ካልታሰረ ፕሮፔለሩ ሲዞር ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጀልባ ያሰጠመ ነገር ነው። ሳይታሰር ሞተሩን በማርሽ እንዳታስነሺ።

ዘይቱ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ በጥቁር ቅባት ከተሸፈነ ከየት እንደሚወጣ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ሞተሩን ጥረጊውና ከስሩ ነጭ መጣጭ ጨርቅ ዘርጊ። ጥቂት ሰዓት ካሠራሽው በኋላ ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ተመልከቺና ወደ ላይ ተከታተዪው። ዘይት ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ ምንጩ ሁልጊዜ ከጠብታው በላይ ነው። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ቆም በዪ። እዚህ አገር የጀልባ ናፍጣ ቀይ ቀለም ተጨምሮበታል፤ የአንዳንድ ካምቢዮ ዘይትም ቀይ ነው። ጓንት አድርገሽ በሁለት ጣትሽ እሺው። ናፍጣ ቀጭን ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይመታል። የካምቢዮ ዘይት ይወፍራል፣ ያንሸራትታል። ነጭ ወረቀት ላይ ስታንጠባጥቢው ናፍጣው ቶሎ ተስፋፍቶ ሰፊ ቀለበት ይሠራል።

ቢኤምሲ 1.5 ጥሩ ሞተር ነው፤ ዘይት የማያንጠባጥብ ማግኘት ግን ይከብዳል። የኋለኛው የክራንክ ጫፍ ላይ እንደ ዘመናዊ ሞተር ጥብቅ የጎማ ማሸጊያ የለውም፤ ዘንጉ ላይ የተቀረጸ ጥምዝ መስመር ነው ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው። ሞተሩ ሲያረጅ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ዘይቱን በዚያ በኩል ይገፋዋል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ቀላል ነገር አድርጊ። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ ከላይኛው ምልክት እንዳላለፈ አረጋግጪ፤ "ይብዛ" ብሎ መሙላት ራሱ ያስፈስሳል። ከዚያ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ እንዳልተደፈነ ፈትሺ። የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ፊልትሮው መቀመጫና የዘይት ግፊት መለኪያው ብሎን ቀጥለው ይታያሉ። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ከኢንጀክተሮቹ የሚመለሱት ቀጫጭን ቱቦዎችና የመዳብ ሮንዴላዎቻቸው ናቸው የሚጠረጠሩት። የናፍጣ ፍሳሽ ለነገ አይባልም፤ እሳትም ነው።

ወደ ጽዳቱ እንሂድ። ሞተሩ ቀዝቅዞ አንድ ሌሊት ይደር፤ ዘይቱ በሙሉ ከላይ እንዲወጣ። ሳንቃዎቹን ከፍተሽ አናፍሺ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ የጋዝ ወይም የቤንዚን ሽታ ከሸተተሽ ምንም ማብሪያ አትንኪ፣ ሥራውን ተዪው። ጓንት አድርጊ፤ ያገለገለ የሞተር ዘይት ለቆዳ ካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው።

ምን ያህል ዕቃ እንደሚያስፈልግሽ አስዪ። ትሪው 1 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 8 ሊትር ነው። አራት ጣት 7 ሴንቲ ሜትር ብንል ከ50 ሊትር በላይ ማለት ነው። ክዳናቸው የሚጠብቅ በርካታ ጀሪካኖች አዘጋጂ።

መጀመሪያ ዘይቱን አንሺ። የጀልባ ዕቃ መሸጫ ሄደሽ ዘይት ብቻ የሚመጥ ጨርቅ በዪ፤ ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ስለሆነ ውሃ አይቀበልም፣ ዘይቱን ብቻ ነው የሚጠጣው። ግራጫው ግን ሁሉን ነው የሚጠጣው፤ ገንዘብሽን በውሃ ላይ ታባክኚያለሽ። የሕፃን ዳይፐር ተጠቀሚ የሚሉሽ ይኖራሉ። ዳይፐር ውስጥ ያለው ነገር ውሃ የሚጠጣ እንጂ ዘይት የሚጠጣ አይደለም። ለመጨረሻዋ የተረፈች ውሃ ካልሆነ አይረባሽም። ነጩን ጨርቅ ላዩ ላይ ጣል አድርጊና ተዪው፣ አታማስዪ። ሲጠቁር ገልብጪው፣ ከዚያ ቀይሪው። ቀስተ ደመናው እስኪጠፋ ድረስ ድገሚ። ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ቢፈጅም ይሻላል።

ከዚያ ውሃውን በእጅ በሚሠራ የዘይት መሳቢያ ፓምፕ ወደ ጀሪካኖቹ ቅጂ። የቤት ቫኪዩም እንዳትጠቀሚ፤ ሞተሩ ብልጭታ አለው፣ ታች ያለውን ጋዝ ሊያያይዘው ይችላል። ጀሪካኖቹ ቆመው ይደሩ። ጠዋት ላያቸው ላይ የወጣውን ዘይት እንደገና በጨርቅ አንሺ። ውሃው ወተት የመሰለ ከሆነና ካልተለየ ወይ ከዚህ በፊት ሳሙና ገብቶበታል ወይ ፓምፑ መትቶታል። ያን አትታገዪው፣ እንዳለ ይወገዳል።

የቀረውን ቅባት በጨርቅ ጥረጊው። ብረቱ ላይ የደረቀውን ለማስለቀቅ ትንሽ ቅባት ማስለቀቂያ ጨርቁ ላይ አድርገሽ ብትጠቀሚ አልቃወምም፤ እጣቢው በባልዲ ተሰብስቦ ከጀሪካኖቹ ጋር እስከሄደ ድረስ። እዚህ ላይ ግን ፊውዙ የተነቀለ መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ።

ማስወገዱ ከጽዳቱ ይልቅ ያደክማል። ያገለገለ ንጹሕ የሞተር ዘይትን የካውንስል የቆሻሻ ማዕከላት ይቀበላሉ። ዘይታም ውሃን ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም፤ የዘይት በርሜላቸውን ያበላሽባቸዋል። ስለዚህ ዘይት ስትቀይሪ የምታወጪውን ከዚህ ውሃ ጋር በፍጹም አትደባልቂ። አንዳንድ ካውንስል የነዋሪነት ማስረጃ ይጠይቃል፤ እንደ አንቺ ቋሚ ማቆሚያ ለሌለው ሰው ያስቸግራል። የሚቀልሽ በመንገድሽ ላይ ያለ የጀልባ ጋራዥ ወይም ማሪና ደውለሽ "ዘይታም ውሃ ይህን ያህል ሊትር አለኝ፣ ትቀበላላችሁ? ስንት ነው?" ማለት ነው። ሳትደውዪ ጭነሽ እንዳትሄጂ። የተነከሩት ጨርቆችም አደገኛ ቆሻሻ ናቸው። በሁለት ላስቲክ ቋጥረሽ አብረሽ አስረክቢ እንጂ በካናሉ ዳር ባሉት የቤት ቆሻሻ ገንዳዎች አይጣሉም። እስክታስረክቢ ድረስም ከሞተሩ የጭስ ማውጫ አርቀሽ አስቀምጪ።

ከዚያ ትሪው ሲደርቅ ነጭ ወይም ቀላል ግራጫ የቢልጅ ቀለም (ለጀልባ ውስጥ ወለል የሚሆን ቀለም) ቀቢው። ይህን ምክር ብዙ ሰው እንደ ውበት ነው የሚያየው። እኔ ግን በጣም አጥብቄ እመክራለሁ፤ ነጭ ላይ አንዲት ጠብታ የወደቀችበት ቀን ትታያለች፣ ጥቁር ላይ ግን አራት ጣት እስኪሞላ አትታይም። አንድ ነጭ መጣጭ ጨርቅ ሁልጊዜ ሞተሩ ስር ይኑር። ከፓምፑ መውጫ ቱቦ ላይ የሚገጠም የዘይት ማጣሪያም ይሸጣል። ክፉ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ መከላከያ ነው እንጂ ፍሳሹን ሳትጠግኚ በእሱ ተማምነሽ የምትተኚበት አይደለም።

ምርመራውን በተመለከተ፣ የጀልባ ደህንነት የምስክር ወረቀት በየአራት ዓመቱ ነው የሚታደሰው። ጥያቄሽን የሚነካው ክፍል አጭር ነው። መርማሪው ሞተሩና ካምቢዮው ስር ዘይት የሚይዝ ትሪ ወይም የተዘጋ ቦታ መኖሩን፣ ትሪው የሚያፈስ አለመሆኑን፣ ብዙ ዘይትም አለመጠራቀሙን ያያል። በቋሚነት የተገጠመው ፓምፕ ከዚያ ቦታ እንዳይስብም ይፈትሻል። የናፍጣ ፍሳሽ ካለ ደግሞ ለብቻው ያስጥልሻል። ስለዚህ አንድ ሊትር ውሃ ጨምረሽ የምታደርጊውን ሙከራ አታቆዪው። ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ በያጅ ማግኘት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መርማሪ ከመቅጠርሽ በፊትም ሻጩን የቀድሞውን የምርመራ ወረቀት ጠይቂው። ያኔ ፓምፑ የት እንደነበረ የተጻፈ ነገር ካለ ቀዳዳው ወይም የፓምፑ ቦታ የቆየ ይሁን በኋላ የመጣ ይለይልሻል። በያጁም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።